ዝናሽ ዝም ያለችበት አዝመራ

ዝናሽ ሰው መትታ አታውቅም። ስትሳደብም ፊት ለፊት ነው፤ የጓሮ ወሬ አትወድም። ይቅር ማለት ግን አልፈጠረባትም። አንድ ጊዜ የጎረቤት ፍየል ጓሮዋ ገብታ በርበሬዋን ቀረጣጥፋ በላችባት። ባለፍየሏ ይቅርታ ጠየቀች፣ ሽማግሌ ላከች፣ ዳቦ ጋግራ ይዛ መጣች። ዝናሽ ዳቦውን በላች እንጂ ሴትዮዋን ሰላም ያለቻት ፍየሏ ከሞተች በኋላ ነው። በመተማዋ ትንሽ ከተማ በኮኪት ይህን የማያውቅ የለም።

ያን ቪዲዮ ያየችው በገዛ ራኩባዋ ሥር ነው። ራኩባዋ ከአስፋልቱ ዳር በአገዳና በቆርቆሮ የተሠራች ጥላ ናት። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ለእርሻ ሥራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ አገሩ ሳሉግ የሚለው፣ ከአይሱዙ ዘሎ አቧራውን ሳያራግፍ መጀመሪያ የሚቀመጠው እሷ ዘንድ ነው። የዚያን ቀን ቀደም ብለው ለአረም የወረዱ ልጆች ምስር ወጡን ትተው አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይንከተከታሉ።

«ምንድን ነው እንዲህ ጥርስ የሚያስገጥጣችሁ? እኔም ልሳቅ እንጂ» አለች ጭልፋዋን እንደያዘች።

ባለስልኩ የማን እናት እንደሆነች አያውቅም። ዘረጋላት።

አረንጓዴ አገር ነው፤ ጭቃ መንገድ። ከመንገዱ ዳር አንድ እንጨት ቆሟል፣ እንጨቱ ላይ የርግብ ቤት የምታክል፣ በወርቃማ ቀለም ያጌጠች ትንሽ ቤት ተቀምጣለች። ከቤቷ ደጃፍ አበባ፣ ጭብጥ የማትሞላ ሩዝ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ደግሞ ተከፍቶ መምጠጫ የተሰካበት ቀይ ለስላሳ አለ። አንዲት ልጅ ላቧን በክንዷ ጠራርጋ ለስላሳውን አነሣችና ሳትተነፍስ ጨለጠችው። ጠጥታም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለዚያች ለትንሿ ቤት እጅ ነሣች። አንዲት አሮጊት እየጮኸች ከግቢ ስትሮጥ ትታይና ቪዲዮው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«ምን ይላል ጽሑፉ?» አለች ዝናሽ።

«‹የመተማዋ ልጅ የዛር ለስላሳ ስትለጋ› ይላል» ብሎ ልጁ እንደገና ሳቀ።

ቪዲዮውን የሚቀርጸው ሰው አይታይም። ሳቁ ግን ይሰማል። እንደ ትንታ ተጀምሮ መጨረሻው ላይ ቀጭን ጩኸት የሚሆን ሳቅ ነው።

ዝናሽ ልጅቱን አወቀቻት፤ የትናየት ናት፣ አንድ ልጇ። ሳቁንም አወቀችው። ያ ሳቅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየመስከረሙ የእሷን ወጥ እየበላ ነው ያደገው። የባለ እርሻው የአለምሰገድ ልጅ የማህደር ሳቅ ነው።

ስልኩን መለሰችለት። «ብላ፤ ይቀዘቅዝብሃል» አለችው። ከዚያ ድስቷን ከደነች።

የትናየት ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፤ ስለ ሰብል። በክረምቱ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጥቂት ተማሪዎች መርጦ ለአጭር ጊዜ ታይላንድ ወስዷቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት የዚያ አገር ገበሬ ምርቱን በማኅበር እንዴት እንደሚያከማችና እንደሚሸጥ ይማራሉ። ከሰዓት በነፃ ያገለግላሉ፤ ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ይሠራሉ፣ ሕፃናቱን እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ከቆላው የተመረጡት የትናየትና ማህደር ነበሩ። የትናየት በውጤቷ ነው። ማህደርም በውጤቷ ነው፤ ይህን ዝናሽ እንኳ አልካደችም። ልጅቱ ደደብ አይደለችም።

የትናየት ከመጣች ወዲህ፣ ከራኩባዋ ኋላ ባለችው ቤታቸው፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልወጣም ብላለች። የአውሮፕላን ድካም ነው ስትል ዝናሽም አምናለች። የአውሮፕላን ድካም ምን እንደሚመስል በየት ታውቀዋለች?

«እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሽ።»

«አየሽው?»

«አየሁት።»

የትናየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጡብ ስንሸከም ነው የዋልነው። የዚያ አገር ሙቀት እንደኛ አያደርቅሽም እማየ፣ ይቀቅልሻል እንጂ። ውሃ አለቀብኝ። ጉሮሮየ ተጣበቀ። ስመለስ መንገድ ዳር ያቺን ቤት አየኋት፤ ውሃም ለስላሳም ተቀምጦባታል። እዚህ በየደጁ ዚር የለም? መንገደኛ ጠጥቶ ይሂድ ተብሎ ጣሳ ተደፍቶበት? እነሱ ደግሞ ለስላሳ! ያውም ከፍተው፣ መምጠጫ ሰክተው! እንዴት ያለ ደግ አገር ነው ብየ ነው የጠጣሁት።»

ዝናሽ አልሳቀችም። እሷም ብትሆን ትጠጣው ነበር። የመተማ ሰው የሆነ ሁሉ ይጠጣዋል። በዚህ ሐሩር አገር ደጅ ላይ ያለ የሸክላ ዚር የመንገደኛ ነው፤ ባለቤቱን ማን ብለህ አትጠይቅም፣ ጠጥተህ፣ አመስግነህ፣ ጣሳውን ደፍተህ ትሄዳለህ።

«የማን ኖሯል ታዲያ?»

«የቦታው ጠባቂ መንፈስ ነው ይላሉ። ለእሱ ነው የሚያስቀምጡት።»

«ሴትዮዋስ? መታችሽ?»

«ኧረ ምን ትመታኛለች! ሜ ቡዋ ናት እኮ፣ ቤቷ ያሳደረችኝ እናት። መጀመሪያ ደንግጣ ጮኸች። አስተርጓሚው የኛን አገር ዚር ሲነግራት ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሌላ ለስላሳ አምጥታ አስቀመጠች፣ የሚጨስ ነገር ለኮሰች፣ እጄን አጋጥማ ይቅርታ አስባለችኝ። ‹እሱም ቢሆን ውሃ የጠማውን አይቀየምም› አለች። አለቀ።»

«ይህን ማህደር አልቀረጸችም?»

«ቀርጻለች። ቆርጣ ጣለችው እንጂ።»

ዝናሽ ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። «ቆርጣ ጣለችው» አለች ለራሷ፤ እንደገናም አለችው፤ ቃሉን እንደ ጠጠር በአፏ እያገላበጠች።

ወሬው ከኮኪት እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከዚያም ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት ደረሰ። የባጃጅ ልጆች በበሩ ሲያልፉ «ቀይ ለስላሳ አለ?» እያሉ ይጮኻሉ። የማኅበር ሴቶች «ለጣዖት የቀረበ የቀመሰች ልጅ ቄደር ሳትጠመቅ ጠበል ጻዲቅ አብራን ትቅመስ?» አሉ። ዝናሽ የነፍስ አባቷን ጠየቀች። እሳቸው ጢማቸውን ዳብሰው «ልጅቱ ውሃ ጠማት እንጂ ሃይማኖቷን መች ካደች? ጸበል ትጠመቅና ወደ ትምህርቷ ትሂድ» አሏት። ሴቶቹ ግን ከቄሱ በላይ ቄስ ሆኑ። የትናየት ይህን ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማችና አንድ ጠዋት እንዲህ አለች፦

«እማየ፣ ዩኒቨርሲቲ አልመለስም። ግቢው ሁሉ አይቶታል።»

የቀራት አንድ ዓመት ነው። በጥቅምት ትምህርቱ ይከፈታል። ያቺ ልጅ እዚያ የደረሰችው በዝናሽ ክንድ ነው፤ ለሳሉግ በተቀቀለ በዚያ ሁሉ ድስት ነው። ዝናሽ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች፣ ከዚያ ወደ አለምሰገድ እርሻ ሄደች።

አለምሰገድ የጎንደር ሰው ነው። ሰሊጡ ከኮኪት ወዲያ ዓይን እስኪደክም ይሄዳል። ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ትራክተር ሲያሠራ አገኘችው። ማህደርም አባቷ መኪና ውስጥ እግሯን በመስኮት አውጥታ ስልክ ትነካካለች።

«ዝናሽ! መስከረም ሳይጠባ መጣሽልን? ድስቶችሽን የምንጭንበት ጊዜ ገና ነው» አለ።

በየዓመቱ በአጨዳ ጊዜ ለእሱ ሠራተኛ የምታበስል እሷ ናት።

«ለድስት አልመጣሁም ጋሽ አለምሰገድ። ልጅዎ የልጄን ስም አጥፍታለች። ኮኪት ትምጣና ሳሉጉ በተሰበሰበበት፣ ቆርጣ የጣለችውን በአፏ ትናገር። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ማህደር ከመኪናው ብቅ አለች። «እትየ ዝናሽ ደግሞ! ቀልድ እኮ ነው። የትናየትን አገር ሁሉ አወቃት፤ ታዋቂ አደረግኋት እኮ!» ያ ሳቅ መጣ፤ ትንታው፣ ቀጭኑ ጩኸት።

አለምሰገድም ፈገግ አለ። «የልጆች ጨዋታ ነው ዝናሽ። ሰው ይረሳዋል። እኔ ልጄን ሳሉግ ፊት ላቁምልሽ? ባይሆን፣ እንግዲህ ከተቀየምሽ፣ አጨዳው ሲያልቅ ባየልኝ አንድ ጆንያ ሰሊጥ ይጭንልሻል።»

ባየልኝ ወኪሉ ነው። ከኋላ ቆሞ አንገቱን ነቀነቀ።

«ጆንያውን ያስቀምጡት ጋሽ አለምሰገድ» አለች ዝናሽ። «የሚሞላው ካገኙ።»

እየሳቁ ሸኟት።

የዚህ አገር አሠራር እንዲህ ነው። ባለ እርሻ ስለ እርሻው የሚለውን ሳሉግ አያምንም። ባለ እርሻ ሁሉ «ውሃው ቅርብ ነው፣ ራቱ ጥጋብ ነው» ይላል፤ ሲበላ ግን አብሮ አይቀመጥም። ሳሉግ የሚያምነው ወጥ ሠሪዋን ነው። ከደጋ የወረደ ቡድን ሁሉ አለቃ አለው፤ አለቃው ዝናሽ ራኩባ ተቀምጦ እየበላ ይጠይቃል። «የእገሌ እርሻ እንዴት ነው?» እሷም እውነቱን ትነግራቸዋለች። «ውሃው ሩቅ ነው፣ እንጀራው ግን አይጎድልም፤ ሂዱ።» «እሱ ሲከፍል ያለቃቅሳል፣ ግን ይከፍላል።» «እባብ ይበዛዋል፤ ጫማ የሌለው አይሂድ።» በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ አልዋሸችም። ስለዚህ ቃሏ ሕግ ነው።

አጠገቧ ካርካዴና ሻይ የምትሸጠው መጂዳ ናት፤ እናቷ የገላባት ሰው። የዝናሽን ፊት አይታ ነገሩን ገምታዋለች።

«ስሙን አጥፊበት ወላሂ! ውሃው ትል አለው በያቸው። ሥጋው የሞተ አህያ ነው በይ። ኸላስ፣ አንድ ሰው አይሄድለትም።»

«አልዋሽም።»

«እና ዝም ልትይ ነው?»

«አዎ። ዝም ልል ነው።»

መጂዳ በካርካዴው ታነቀች። «ዝም ብሎ በቀል የት አገር ነው ያየሽው እቴ?»

መስከረም ሲጋመስ ሰሊጡ ቢጫ መሆን ጀመረ፤ አይሱዙዎቹም ሰው እየጫኑ ወረዱ። ባየልኝ ድስት ሊጭን ሲመጣ «ዘንድሮ አልሄድም» አለችው። እንደ ቀልድ ወሰደው፤ ሌላ ሴት አገኛለሁ ብሎ ሄደ።

መጀመሪያ የመጣው የደሞዝ ቡድን ነው። ደሞዝ የጎጃም ሰው ነው፤ በየዓመቱ ሰዎቹን እየመራ ይወርዳል፤ ማጭዱን እንደ ልጅ አቅፎ ይተኛል ይሉታል። ጠግቦ ከበላ በኋላ ጣቱን ላሰና እንደ ልማዱ ጀመረ።

«እሽ እታለም። ከኩሬው፣ ከሐፊሩ አጠገብ ያለው የነንብረት እርሻስ?»

«ዘንድሮ ውሃው ጥሩ ነው። ሂዱበት።»

«የአብደራፊውስ?»

«ሩቅ ነው፣ ትራክተሩ ግን ይወስዳችኋል።»

«የአለምሰገድስ? አምና ደህና ነበር።»

ዝናሽ ጭልፋዋን አስቀመጠች። ወደ አስፋልቱ አየች። አንድ የነዳጅ ቦቴ አለፈ።

«የአለምሰገድ ነው ያልኩሽ» አለ ደሞዝ።

«ወጥ ልጨምርልህ?»

ደሞዝ አያት። ሰዎቹም አዩዋት። ዝናሽ ድስቱን ከደነችና ክዳኑን በጨርቅ አጠበቀችው።

«ተነሱ» አለ ደሞዝ ሰዎቹን። «እነንብረት ጋ ነን።»

ከዚያ ወሬው በራሱ እግር ሄደ። ዝናሽ አንድ ቃል አላዋጣችም። አንዱ የአለምሰገድ ሐፊር ውስጥ ሬሳ ተገኝቷል አለ። ሌላው ትራክተር ሰው ገጭቶ እዚያው ቀብረውታል አለ። የወሎዎቹ ደግሞ «አውሊያ የተቆጣው እርሻ ነው አሉ፤ ማጭድ ያነሣ እጁ ይደርቃል» ብለው መጡ። ይህን ሁሉ ይዘው ዝናሽን ይጠይቃሉ።

«እውነት ነው ወይ እትየ?»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልሽም!»

«እንግዲያው ምንም አላልኩም።»

ይህ ደግሞ ከሬሳውም ከአውሊያውም ይበልጥ አስፈራቸው።

አለምሰገድ የቀን ዋጋ ጨመረ። ባየልኝ መኪና ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ኮኪትን አደነቆራት። የጨመረው ዋጋ ግን ነገሩን አባሰው። ደሞዝ የነንብረትን ማሳ ጨርሶ ሌላ እርሻ ሊጠይቅ ተመልሶ ነበርና ምራቁን ጢቅ አድርጎ «ሰው ያለ ነገር ዋጋ አይጨምርም። ለሰሊጥ ነው ለሬሳ ነው የሚከፍለን?» አለ። ባየልኝ ይህን ሰምቶ ከመኪናው ላይ ወርዶ ዝናሽ ዘንድ መጣ። ድምፁ ጠፍቷል።

«ዝናሽ፣ በወለደችሽ! አንድ ቃል። ‹ሂዱ› በያቸው። እኔን እንኳ አታዝኝልኝም?»

«ላንተማ አዝናለሁ። ና ምሳ ብላ።»

«ምሳ አይደለም የምፈልግ!»

«ሌላ የለኝማ።»

ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይደለም። ማሽላ ይጠብቅሃል፤ ሰሊጥ አይጠብቅም። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ የፍሬው ቤት ከታች ወደ ላይ አፉን እየከፈተ ይሄዳል። ቶሎ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው ተደጋግፎ ሂላ ሆኖ ካልቆመ ፍሬውን ለማርገፍ አንድ ደህና ነፋስ በቂው ነው። ዝናሽ አንድ ጠዋት ባጃጅ ይዛ ወደ እርሻው ወጣች። ከዳር ቆመች። ርግብ እንደ ጉም ማሳው ላይ ወርዷል። አለምሰገድ ከጎንደር ዘመዶቹን አምጥቶ፣ ራሱም ኮቱን አውልቆ፣ ከሩቅ ጎንበስ ቀና ይላል፤ በዚያ ስፋት ላይ ጥቂት ጉንዳን ይመስላሉ። ዝናሽ አንድ አገዳ በእጇ ዘንበል አደረገች። ነጩ ሰሊጥ መዳፏ ላይ ፈሰሰ። አየችው። መዳፏን ገልብጣ መሬት ላይ ደፋችው።

ደስ አላት። ሙሉ ደስታ ነበር፤ አልሸራረፈችውም። ስትመለስ ነፋሱ በባጃጁ በኩል ጸጉሯን ሲመታት «ንፈስ፣ ንፈስ የኔ ጌታ» ትለው ነበር።

ቤት ስትገባ የትናየት ከመጋረጃው ጀርባ ጠየቀቻት። «እማየ፣ የሰው ሰሊጥ ሲፈስ እኔ ምን አገኛለሁ?»

«ትንሽ ጠብቂ።»

«ሰሊጥ ምን አደረገ? ሰሊጥ እኮ ነው የምማረው እኔ።»

«ጠብቂ አልኩሽ!»

በገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ የአለምሰገድ መኪና ራኩባዋ ፊት ቆመ። ጥላው ሥር የሚቀመጥበት ጠፍቶ ሰው ቆሞ ይበላል። መጀመሪያ የወረደችው ማህደር ናት። ፊቷ በፀሐይ ተልጧል፣ መዳፎቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ማጭድ ይዛ ከርማለች። አባቷ ከመኪናው አልወረደም።

«እትየ ዝናሽ፣ ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ይቅርታ ብየም ሌላ እለቃለሁ። አሁኑኑ።»

«በስልክ አይደለም። በአፍሽ ነው። አግዳሚው ላይ ውጪ።»

ማህደር ወደ መኪናው ዞረች። አባቷ መሪውን እያየ ነው። ወጣች። የሆነ ነገር አጉረመረመች።

«አይሰማም!» አለ ደሞዝ ከኋላ። «ከፍ አድርጊው። ስትስቂ ይሰማ የለ?»

ማህደር ጮክ ብላ ጀመረች። ጡቡን፣ ሙቀቱን፣ ያችን ትንሽ ቤት ተናገረች። የትናየት የመንገደኛ ውሃ መስሏት እንደጠጣች፣ አሮጊቷም እንደጮኸች አወራች። እዚያ ስትደርስ ቆመች።

«ከዚያስ?» አለች ዝናሽ።

«ከዚያ… ሜ ቡዋ ስቃ ሌላ ለስላሳ አመጣች። የትናየትም ይቅርታ ጠየቀች።»

«ሴትዮዋ ምን አለች?»

«‹ውሃ የጠማውን አይቀየምም› አለች።»

«ይህን ለምን ቆረጥሽው?»

ማህደር እንባዋ መጣ። በመጨረሻ «ያ ካለበት አያስቅም» አለች።

ከዚያ አንድ የወሎ ሳሉግ እጁን አወጣ፤ እንደ ተማሪ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ የኔ አለም። ለስላሳው ቀዝቃዛ ነበር?»

«…አዎ።»

«ወላሂ እኔም እጠጣው ነበር!»

«እኔ ሩዙንም አልምረው!» አለ ሌላው።

«እኔማ ቤቷንም ተሸክሜ እመጣ ነበር!»

ራኩባዋ በሳቅ ተናጋች። ይሄኛው ሳቅ የትናየት ላይ አልነበረም። ማኅበርተኛዋ አሰፋች፣ ያቺ ቄደር ቄደር ስትል የከረመችው፣ ሽንኩርት ልትገዛ መጥታ እዚያው ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎትታ ሹልክ ብላ ሄደች።

አለምሰገድ ከመኪናው ወረደ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነው።

«ዝናሽ፣ ያልሽው ተፈጸመ። በይ ቃልሽን ስጪ።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ደሞዝ ማጭዱን ከአግዳሚው ሥር አነሣ። ዝናሽ ጉሮሮዋ ውስጥ «ሂዱ» የሚለው ቃል መጥቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደክሟታል፤ ያንን ዝምታ መሸከም ከድስት ይከብዳል። የፈለገችውንም አግኝታለች። ልትናገር ስትል መጋረጃው ተገለጠ።

የትናየት ወጣች። ጸጉሯን ጎንጉናለች፣ ነጠላ አልለበሰችም፣ አንገቷን አልደፋችም። ሳሉጎቹ መንገድ ለቀቁላት። ማህደር አሁንም አግዳሚው ላይ ናት፤ የት እንደምትወርድ ጠፍቷት።

ዝናሽ ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «የተበደልሽው አንቺ ነሽ። ቃሉም ያንቺ ይሁን» አለቻት።

የትናየት ወደ አለምሰገድ ዞራ በትሕትና ጠየቀች። «ጋሽ አለምሰገድ፣ የላይኛው ማሳ ተከፍቷል?»

«ግማሹ ፈሷል ልጄ። የቀረውን ዛሬ ከሰዓት ከደረስንበት ይተርፋል።»

«ነፋሱስ?»

«በሱዳን በኩል እየተነሣ ነው። ላንቺ አይነገርም፣ ታውቂዋለሽ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ሳሉጎቹ ዞረች። ድምፅዋ የእናቷ ድምፅ ነበር።

«እርሻው ደህና ነው። ውሃው ንጹሕ ነው። ሰው አልሞተበትም፣ የተቆጣ አውሊያም የለም። ሂዱ።»

አለምሰገድ እፎይ ብሎ ባርኔጣውን አጠለቀ። ባየልኝ የመኪናውን ኋላ ሊከፍት ሮጠ።

«ነገ ጠዋት ሂዱ» አለች የትናየት። «ዛሬ ከሰዓት እኔ ነኝ የማበላችሁ። የአገሬ ሰው ስቆብኝ ከርሟል፤ ዛሬ ከኔ ጋር ተቀምጦ ይብላ።»

ባየልኝ መኪናውን እንደያዘ ቀረ። አለምሰገድ ወደ ዝናሽ አየ፤ በዓይኑ ነው የለመናት። ዝናሽ ግን እሱን አላየችውም፤ ልጇን ነበር የምታየው። ከመጋረጃ ጀርባ ስታለቅስ የከረመችው ልጅ ይቺ ናት? እሷ፣ ዝናሽ፣ ይቅር ልትል አፏን ከፍታ ነበር እኮ።

«ልጄ፣ ያለው ይበቃል» አለች በሹክሹክታ።

«ላንቺ ይበቃል እማየ።»

ደሞዝ የሁለቱን ፊት አየ። ማጭዱን መልሶ ከአግዳሚው ሥር አስገባና ተቀመጠ። ሌሎቹም ተቀመጡ። መጂዳ ከወዲያ «ያ ሰላም» አለች።

የትናየት ለማህደር እጇን ዘርግታ ከአግዳሚው አወረደቻት። ዓይን ለዓይን ቆሙ።

«ትምህርት ትመለሻለሽ?» አለች ማህደር።

«እመለሳለሁ። የመጨረሻ ዓመት አይደለን? በየቀኑ ከፊት ከፊትሽ ነው የምቀመጠው። ደስ ካለሽ ቅረጪኝ።»

ነፋሱ አስፋልቱን ተሻግሮ አቧራ አነሣ፤ የራኩባዋ ቆርቆሮ ተንኳኳ። አለምሰገድ ልጁን ይዞ ገባና መኪናው ወደ እርሻው በረረ፤ ከእነዚያ ጥቂት ዘመዶቹ ጋር የሚችለውን ሊያተርፍ። ዝናሽ አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየች። ከዚያ ወደ ድስቷ ተመለሰች። ሳሉጉ ብዙ ነው፤ ምስሩ አይበቃም። ውሃ ጨመረችበትና እሳቱን ቆሰቆሰች።